የጨዋታው በርና የሌባው በር

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ፥ «ጋሼ፥ ቤት የቀረውን ኮምፒውተሬን እዚህ ሆኜ ልጫወትበት ብል እንዴት አደርጋለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የጨዋታ ቢመስልም መልሱ የቤት ጥበቃ ነውና ለእርስዎም ላጫውትዎ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታውን የሚሠራው ቤት ያለው ብርቱ ኮምፒውተር ነው። ሠንሻይን የተባለው ፕሮግራም ሥዕሉንና ድምፁን ይልካል፤ በእጅዎ ያለው ደካማ ላፕቶፕ ደግሞ በሙንላይት ተቀብሎ ያሳያል፤ የጣትዎንም ትእዛዝ መልሶ ያደርሳል። በመካከል ግን የቤትዎ ራውተር እንደ ዘበኛ ቆሞአል። ሳይጠራ ከውጭ የመጣውን እንግዳ ለማን እንደሚያደርሰው ስለማያውቅ ይመልሰዋል። ስለዚህ ፖርት የሚባሉትን ባለቁጥር በሮች ከፍቶ ወደ የትኛው ኮምፒውተር እንደሚያመሩ መንገር ያስፈልጋል። ሠንሻይን ቁጥሩ ካልተለወጠ በቲ.ሲ.ፒ. 47984፣ 47989 እና 48010፣ በዩ.ዲ.ፒ. ደግሞ ከ47998 እስከ 48000 ባሉት ይጠቀማል።

እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ቁጥር መጻፍ ሰለቸኝና ራውተሩን፥ «የመጣውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሬ አሳልፍ» ብዬ አዘዝሁት። ጨዋታው ሠመረ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን የኮምፒውተሩን መዝገብ ብገልጥ፥ ሌሊቱን ሙሉ በር ሲያንኳኳ ያደረ የማላውቀው ሰው አለ። ለቤተ ሰብ ብዬ ያለ ይለፍ ቃል በተውሁት ፎልደር ውስጥ ደግሞ የተማሪዎቼ የፈተና ጥያቄ ተቀምጦ ነበር! ማንም እንዳልወሰደው ማረጋገጥ ስላልቻልሁ 40 ጥያቄ እንደገና ጻፍሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሮቹን ዘግቼ ዋሻ ሠራሁ። ዋሻ የምለው በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል መልእክቱ ሁሉ በምስጢር ጽሕፈት ተሸፍኖ የሚያልፍበትን መንገድ ነው። ዋየርጋርድ የተባለው፥ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው፥ የሚሻው አንድ የዩ.ዲ.ፒ. በር ብቻ ነው፤ ቁልፍ የሌለው ቢያንኳኳም መልስ አይሰጥም። የራውተርዎ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር የሚጀምር ከሆነ ግን የሚታየውን አድራሻ ከሌሎች ደንበኞች ጋር ይጋራሉ ማለት ነውና በር ቢከፍቱም እንግዳዎ አይደርስም። ያን ጊዜ መንገዱን ራሱ የሚፈልገውን ቴልስኬልን ይሞክሩ።

ለተማሪዬም ያልሁት ይህንኑ ነው። ጨዋታ ዛሬ ቢቋረጥ ነገ ይቀጥላል፤ የወጣ ፈተና ወይም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን አይመለስም። አንባቢ ሆይ፥ በር ከመክፈትዎ በፊት ከበስተኋላው ምን እንዳስቀመጡ ያስቡ።