የሰኞ ደረት

የጥጥ ፈትል አየሩ ሲደርቅ ቶሎ ይበጠሳል፣ እርጥበት ሲያገኝ ግን ይጠነክራል፤ በዚህም ምክንያት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና አዳራሽ ውስጥ እርጥበቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ እንዲደርስ ውኃ በማሽን ይረጫል፣ በመለኪያ ይታያል፣ ሲጎድልም ወዲያው ይስተካከላል። በዚያው አየር ውስጥ የሚበንነው የጥጥ ብናኝ ግን ይህን ያህል ተቆጣጣሪ የለውም።

ብናኙ የሚበዛው ከሽመናው በፊት ባሉት ክፍሎች ነው። እሽጉ ጥጥ በሚፈታበትና ጥርስ ባላቸው ከበሮዎች በሚበጠርበት ቦታ፣ ከማሳ አብሮ የመጣው የቅጠል ስብርባሪ ደቅቆ ወደ አየር ይወጣል። በፈትል ክፍል ደግሞ ሠራተኛዋ በብዙ መቶ እንዝርቶች መካከል ስትመላለስ የተበጠሰ ክር ካየች፣ እንዝርቱን በአንድ እጇ አቁማ፣ ጫፉን ከቦቢኑ ላይ ፈልጋ፣ ከላይ ከሚወርደው ቃጫ ጋር በጣቷ ትቀጥለዋለች። ይህ የሰከንዶች ሥራ ቢሆንም ከፍተኛ ጥበብ የሚጠይቅ ነው፤ ፊቷም ብናኙ ከሚነሣበት ቦታ ከክንድ አይርቅም።

ከዚህ ብናኝ የሚመጣው የሳንባ ሕመም ቢሲኖሲስ ይባላል። መለያው ከሳምንቱ ዕረፍት ማግስት፣ በተለምዶ ሰኞ፣ ሥራ በተጀመረ በሰዓታት ውስጥ ደረትን መጭመቁና ትንፋሽ ማሳጠሩ ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ቀናት ስለሚቀል ብዙዎች ጉንፋን ነው ብለው ያልፉታል። መጋለጡ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሕመሙ ሳምንቱን ሙሉ ይይዛል፣ ሳንባውም ወደ ቀድሞ አቅሙ ላይመለስ ይችላል። የዕረፍት ቀን በተራ በሚሰጥበት ባለሦስት ፈረቃ ፋብሪካ ደግሞ «ሰኞ» ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በተለያየ ቀን ስለሚውል፣ የብዙዎች ሕመም አንድ መሆኑን ማስተዋል ይከብዳል።

ብናኝ ያጥባል በሚል እምነት ለሠራተኞች ወተት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ወተት ምግብ ነውና ሊቀር አይገባም፤ ነገር ግን የሚወርደው ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ ስላልሆነ እንደ መከላከያ መቁጠሩ አደገኛ ነው። መከላከያው አየሩን ከብናኝ ማጽዳት ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ደንብ በፈትል ክፍሎች የብናኙ ጣሪያ በሜትር ኩብ አየር 200 ማይክሮግራም እንዲሆን ስትደነግግ፣ ፋብሪካዎቹ ብናኙን ከምንጩ የሚስቡ መሣሪያዎችን ተከሉ፣ ሕመሙም በእጅጉ ቀነሰ።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ከድሬዳዋው የ1939ና ከባሕር ዳሩ የ1961 (እ.ኤ.አ.) ፋብሪካ ጀምሮ ትውልዶች በዚህ ሙያ ላይ ኖረዋልና፣ ከእርጥበት መለኪያው ጎን የብናኝ መለኪያ እንዲኖር መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። የትንፋሽ ምርመራውም ሠራተኛዋ ከዕረፍት በተመለሰችበት ቀን፣ ከፈረቃዋ በፊትና በኋላ ሊደረግ ይገባል፤ በሌላ ቀን የተለካ ትንፋሽ ሕመሙን ሊሰውረው ይችላል።