ሮቶው ሲሞላ ባሕር ማዶ ማን ጠየቀ?



ከኢንጂነሪንግና ከኮምፒውተር ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክቶች መካከል «ስማርት ሆም» የሚል አይጠፋም። መብራት በስልክ ይበራል፤ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ ይጠፋል። ጥሩ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ትእዛዙ ከጓሮ ተነስቶ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው ወደ ጓሮ የሚመለሰው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ (ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም) ፓምፑ አይሰማም፤ ውኃው ሞልቶ ይፈሳል።

በእኔ እምነት ይህን ሥራ ራውተሩ ራሱ ሊሠራው ይገባል። ቀንና ሌሊት የማይጠፋ፣ የቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚገናኝበት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚዘጋጀው ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ በሚደግፋቸው ሞዴሎች ላይ የአምራቹን ሶፍትዌር ይተካል። በላዩ ሞስኪቶ የተባለውን መልእክት አቀባይ መጫን ነው። የሮቶው ሴንሰር «ሞልቷል» ብሎ ይልካል፤ ሞስኪቶ ለፓምፑ መቆጣጠሪያ ያደርሳል። መልእክቱ ከግቢ አይወጣም። መስመሩ ቢቋረጥም ዋይፋዩ እስካለ ይሠራል። (መብራት ሲጠፋማ ፓምፑም አብሮ ይተኛል።)

በሰው ሰርቨር ላይ መንጠልጠል የሚያመጣውን የሬቮልቭ ገዢዎች ያውቁታል። ሬቮልቭ 300 ዶላር ገደማ የሚሸጥ የቤት መቆጣጠሪያ ነበር። በ2014 የጉግል ንብረት የሆነው ኔስት ኩባንያውን ገዛው፤ በሜይ 2016 አገልግሎቱ ተዘጋ። ዕቃው ምንም ሳይሰበር ከጥቅም ውጭ ሆነ።

«ራውተር አቅም የለውም» የሚሉ አሉ። የካሜራ ምስል ለመተንተን በእርግጥ አይበቃም፤ ለአምፖልና ለፓምፕ ግን ይተርፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ደኅንነቱ ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር ካሜራዎችንና ራውተሮችን በገፍ የያዘው ከፋብሪካ የመጡበት የይለፍ ቃል ባለመቀየሩ ነበር። የቤቱ አዛዥ የሆነ ራውተር ሲሰበር ፓምፑም አብሮ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ ሞስኪቶንም ወደ ውጭ አትክፈቱት።

ቤተሰብ የሚጠቀምበትን ወይም የአገልግሎት ሰጪው ንብረት የሆነውን ራውተር ግን አትንኩ። ሶፍትዌር ሲቀየር ሊሞት ይችላል፤ የሰው ሐቅ ነው። ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ አሮጌ ራውተር ካለ አስፈቅዳችሁ ውሰዱ፤ ሞዴሉ መደገፉንም አረጋግጡ። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ካለው አትድከሙበት፤ አዳዲሶቹ ስሪቶች አይቀበሉትም። መጀመሪያ በአንድ አምፖል ሞክሩት፤ ፓምፑ ኢንሻአላህ በኋላ ይደርሳል።