የጓሮ ሥራ፦ በርበሬ በምድጃ አጠገብ

በርበሬ ሙቀት ይወዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ይበርዳል። ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ የገባ ዘር ሳይበቅል ይበሰብሳል። ለዘር ያስቀመጥናት ዛላም ከንቱ ትቀራለች። ታዲያ ምን እናድርግ? ቤት ውስጥ እናብቅለው!

አሮጌ ጣሳ እንፈልግ። ውሃ እንዳያቁር ታቹን በሚስማር እንብሳው። አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለን እንሙላው። ዘሩን በስሱ አፈር አልብሰን ውሃ እናርከፍክፍበት። ከዚያ ምድጃው አጠገብ እናስቀምጠው። ጣሳው ለብ ይበል እንጂ እጅ አያቃጥል። ዘሩ በ2 ሳምንት ገደማ ብቅ ይላል።

ከበቀለ በኋላ ብርሃን ይፈልጋል። ኩራዝ ለእኛ ንባብ ይበቃል፤ ለቡቃያ ግን አይበቃም። ጨለማ ቤት የዋለ ቡቃያ ነጥቶ ይረዝማል፤ ወገቡም ይሰበራል። ረፋዱ ላይ ሞቅ ሲል ደጅ እናውጣው። ዶሮ እንዳትጭረው በእሾህ እንክበበው። ማታ መልሰን እናስገባው።