ለተጫዋቹ ቅልጥም መከላከያ አለ፤ ለሹፌሩስ?

በቅርቡ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ አንድ ቅዳሜ ዳምቦያ አደርኩ። ቅዳሜ ነዋ! እግሬ የወሰደኝ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ባለበት ቅዳሜ ዳምቦያም ሆሳዕናም መርካቶም አንድ ናቸው። አርሰናሎች በአንድ በኩል፣ ማንቼዎች በሌላ በኩል፣ መሃል ላይ ደግሞ የሁለቱንም መሸነፍ የሚመኝ አይጠፋም። እረፍት ሲወጡ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ።

አየሁለት። አንድ ያረጀ ቀይ ቢኤምደብሊው ባዶ ሜዳ መሃል እንደ እንዝርት ይሾራል። ጎማው ወደ ጭስነት ተለውጧል። ሞተሩ ይጮሃል ሳይሆን ያለቅሳል ማለት ይሻላል። ተመልካቹ እጁን ቢዘረጋ መኪናውን ይነካዋል። ልጁ ታላቅ ወንድሙ ከደቡብ አፍሪካ እንደላከለት ነገረኝ። ከምባታና ሀዲያ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ከባድ ስለሆነ አልገረመኝም። የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። «ሲመጣ መኪና ገዝተን እዚሁ ኳስ ሜዳ ላይ እናሳያለን» አለኝ።

ከኋላችን የተቀመጡ አንድ አባት «ይሄ ደግሞ ስፖርት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ነው። ነገሩ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሶዌቶ ውስጥ ሲጀመር ከወሮበላ ቀብር ጋር የተያያዘና ፖሊስ የሚያሳድደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን የደቡብ አፍሪካ የሞተር ስፖርት አካል በስፖርትነት ተቀብሎታል። ተወዳጁ መኪና እዚያ «ጉሸሼ» የሚሉት የድሮው 325 ቢኤምደብሊው ነው። በኋላ ጎማው የሚገፋ፣ ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር። ስለዚህ አባቴ፣ ስፖርት ነው። እኔም የልጁን ህልም ለማኮላሸት አልጻፍኩም። ጥያቄዬ አንድ ነው። ከወንድሙ እግር አጠገብ ምን አለ?

ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ቦታ ደወል የመሰለ ሽፋን አለ። ውስጡ ቮላኖና ፍሪሲዮን ተቀምጠዋል። የሹፌሩ እግር ከዚያ የሚርቀው ስንዝር ቢሆን ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቮላኖ በደቂቃ 7000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በረኛን የሚያስደነግጥ የቅጣት ምት እኮ 120 እና 130 ቢደርስ ነው! ዙሩ እጥፍ ሲሆን ብረቱን ወደ ውጭ የሚገነጥለው ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ያረጀ፣ በሙቀት የተሰነጠቀ ቮላኖ ወይም ፍሪሲዮን ያን ጊዜ ይበተናል። ስብርባሪውም ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚወረወረው። ወደ ላይ የሹፌሩ እግር አለ። ወደ ጎን ደግሞ እጁን ዘርግቶ መኪናውን ሊነካ የደረሰው ተመልካች።

አሜሪካኖቹ ይህን በደም ነው የተማሩት። በ1960ዎቹ ማስታንግ፣ ጂቲኦ፣ ካማሮ የሚባሉት ባለ ትልቅ ሞተር መኪኖች ሲመጡ ወጣቱ ገዝቶ በቀጥታ ወደ ውድድር ወሰዳቸው። የብዙዎቹ የፍሪሲዮን ቤት ቀልጦ የተሠራ አሉሚኒየም ነው። ለዕለት መንገድ ይበቃል፤ ቮላኖ ሲፈነዳ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ብረት የተሠራ ሽፋን መጣ። ስብርባሪውን ውስጡ አፍኖ ያስቀራል። ዛሬ የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር (ኤንኤችአርኤ) ሩብ ማይሉን በ11.49 ሴኮንድ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚጨርስ ባለ ፍሪሲዮን መኪና ያለዚህ ሽፋን አያወዳድርም። ሽፋኑ ላይ የኤስኤፍአይ ማረጋገጫ ይፈለጋል።

ዶን ጋርሊትስን የማያውቅ የእግር ኳስ ወዳጅ ይኖራል፤ አልፈርድበትም። በድራግ ውድድር እሱ ማለት እንደ ፔሌ ነው። መጋቢት 8 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ መነሻው ላይ እያለ ካምቢዮው ፈነዳ። የእሱ ፍሪሲዮን ሳይሆን ካምቢዮ ነው፣ ቦታው ግን ያው እግር ሥር ነው። መኪናው ለሁለት ተቆረጠ። የቀኝ እግሩም የፊት ክፍል አብሮ ሄደ። ሰውዬው ሆስፒታል ተኝቶ ሞተሩን ከጀርባው ስለማድረግ አሰበ፣ በዓመቱ በዚያ መኪና ተመልሶ አሸነፈ። ሌሎቹም ተከተሉት።

እኛም ጋ ቢሆን መከላከያ ከጉዳት በኋላ ነው የሚመጣው። የቅልጥም መከላከያ በሕግ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ፒተር ቼክ ያንን ቆብ ያጠለቀው በ2006 ሬዲንግ ላይ የራስ ቅሉ ከተሰበረ በኋላ ነው። ዛሬ ዳኛው ካልሲ ዝቅ ያለበትን ተጫዋች «መከላከያህን አሳየኝ» ሲለው ማንም አይስቅም።

ጉዳዩ ለጉሸሼ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከከምባታ ደጋ ወደ ሀላባ የወረደ ሰው የሹፌሮቻችንን አመል ያውቃል። አንዱ በፎሌ ይለቃል፣ ፍሬኑን ያቃጥላል። ሌላው ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ፍሪሲዮን ረግጦ ይንሸራተታል። ይሄኛው ነው የባሰው። ሞተሩ ፀጥ ብሏል፤ ፍሪሲዮኑን ግን ጎማው ከታች ሞተሩ ዞሮት ከማያውቀው ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል። ድምፅ አይሰጥም፣ አያስጠነቅቅም። ደጋፊ ጭኖ ወደ ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ይሄን ያየ ሰው ያውቀዋል። እኔ አንድ ጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ከሹፌሩ ፔዳል ሥር አስፋልቱ ሲሮጥ አይቻለሁ። የወለሉ ክዳን የት እንደገባ ስጠይቀው «ለጥገና ያስቸግራል፣ አወጣነው» አለኝ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ዳምቦያ ሜዳ ላይ ትርኢቱ ይቅር አልልም። ከዱራሜ የተነሳው ሀምበሪቾ በ2016 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲጫወት አይተናል፤ ይሄ አካባቢ አዲስ ነገር አይፈራም። ግን ቮላኖው ቀልጦ ከተሠራው ሳይሆን ከሙሉ ብረት የተቀረጸ ይሁን። የፍሪሲዮን ቤቱ ብሎኖች አንድም ሳይጎድሉ ይታሰሩ። በልኩ የተሠራ መከላከያ ካልተገኘ፣ ዙሪያውን የሚከብ ስድስት ሚሊ ሜትር ብረት የሚያውቅ ሰው ይሥራለት። ተመልካቹ ደግሞ ይራቅ፣ በተለይ በቮላኖው ትይዩ ማንም አይቁም። ገንዘብ ያስወጣል? አዎ። ለጎማ ጭስ የሚወጣውን ግን ማን ይቆጥራል?

ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል ልጁ ለወንድሙ በድምፅ መልእክት ጠየቀው። መልሱ የመጣው አርሰናል ማዕዘን ምት ሊመታ ሲል ነው። «የራሱ የመኪናው ነው ያለው፤ መከላከያ ምናምን የለውም። ማነው የጠየቀህ?» ልጁ ወደኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ቁጥሩን ተቀበልኩት።