ወረቀትም ይጠየቃል

አበው "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። እውነት ነው። ጽሑፍ የተባለውን ያቆያል። ውል ያስራል። ኑዛዜ ያጸናል። ነገር ግን ተጽፎ የተገኘ ሁሉ እውነት ነውን? ዛሬ የምንጨዋወተው በዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሳ። አንድ አባት ዐረፉ እንበል። አራት ልጆች አሏቸው። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ታላቅየው ልጅ አንድ ወረቀት አወጣ። "አባባ መሬቱን ለኔ ብቻ ተናዘውልኛል፤ ይኸው ጽሑፉ" አለ። ወረቀቱ በ1985 ዓ.ም. ተጻፈ ይላል። የመሬቱን አዋሳኝም ይዘረዝራል። በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ መንገዱ፣ በሰሜን የትምህርት ቤቱ አጥር ይላል። ሽማግሌዎቹ ሰምተው ዝም አሉ። ተጽፏላ! ምን ይባላል?

ታናሽ እህታቸው ማንበብ የተማረችው በቅርቡ ነው። ወረቀቱን ተቀበለች። በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያም ቀና ብላ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ የተሠራው በ1996 ዓ.ም. አይደለም እንዴ? ድንጋዩን ያመላለስነው እኛው ነን። ታዲያ አባባ በ1985 አጥሩን ከየት አዩት?" አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወንድሟን ሐሰተኛ አላለችውም። የጠየቀችው ወረቀቱን ነው። መሬቱም ሳይነካ ነገሩ እንዲጣራ ተባለ።

ይህ ምሳሌ ነው። ይህን የሚመስል፣ በእውነት የሆነ ታሪክ ደግሞ አለ። የሆነው በጣሊያን አገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቆስጠንጢኖስ የሚባለውን የሮማ ንጉሠ ነገሥት ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። በመስቀል በዓል የምትነሳው የንግሥት ዕሌኒ ልጅ ነው። የሞተው በ337 ነው። እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በስሙ የተጻፈ አንድ ወረቀት ወጣ። ወረቀቱ ንጉሡ ከለምጽ እንደተፈወሰ ይናገራል። ስለዚህም የሮማን ከተማና የምዕራቡን አገር ለሮማው ፓፓና ለተተኪዎቹ ሰጠ ይላል። ፓፓ ማለት የሮማ ቤተ ክርስቲያን መሪ ነው።

ያን ሁሉ አገር በአንድ ወረቀት! ለብዙ መቶ ዓመታት ስለ ግዛትና ሥልጣን ክርክር ሲነሳ ይህ ወረቀት ማስረጃ ተብሎ ይጠቀስ ነበር።

በ1440 ሎሬንዞ ቫላ የሚባል ምሁር ወረቀቱን መረመረው። በኛ አገር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነግሠው የነበሩበት ጊዜ ነው። ቫላ ጦር አልነበረውም። ሥራው የጥንቱን የሮማ ቋንቋ፣ ላቲንን፣ ማጥናት ነበር። ወረቀቱን በሦስት መንገድ ጠየቀው።

አንደኛ፣ ቃሉን ጠየቀ። ወረቀቱ የሮማን ሹማምንት ሲዘረዝር "ሳትራፕ" የሚል ስም ያነሳል። ሳትራፕ ማለት የፋርስ አገር ገዢ ነው። በቆስጠንጢኖስ ዘመን የሮማ ሹም በዚህ ስም አይጠራም ነበር። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ተጻፈ የተባለ ደብዳቤ "ለቀበሌው ሊቀ መንበር" ብሎ ቢጀምር ታምኑታላችሁ?

ሁለተኛ፣ ዘመኑን ጠየቀ። ወረቀቱ ቁስጥንጥንያን የታላቅ ጳጳስ መንበር ያለባት ከተማ አድርጎ ይጠራታል። ወረቀቱ ተጻፈ በተባለበት ጊዜ ግን ቁስጥንጥንያ የምትባል ከተማ ገና አልነበረችም። የተመረቀችው በ330 ነው። የትምህርት ቤቱን አጥር አስታወሳችሁ?

ሦስተኛ፣ ምስክር ጠየቀ። መሬት ሲሰጥ የሚያስረክብ አለ፤ የሚረከብ አለ፤ ቆሞ የሚያይ አለ። ያን ሁሉ አገር ማን አስረከበ? ማን ተረከበ? የትኛው ሹም ወጣ? የትኛውስ ገባ? ይህን አየሁ ብሎ የጻፈ የዘመኑ ሰው አልተገኘም። ከቆስጠንጢኖስ በኋላም ምዕራቡን አገር የገዙት የገዛ ልጆቹ ናቸው።

እንግዲህ ቫላ፣ ወረቀቱ ሐሰት ነው አለ። የዛሬ ምሁራንም ይህን ተቀብለዋል። የተጻፈው ንጉሡ ከሞተ ከ400 ዓመት ያህል በኋላ እንደሆነ ይገምታሉ።

ቫላንም መጠየቅ ይገባል። በዚያን ጊዜ ያገለግል የነበረው አልፎንሶ የሚባለውን ንጉሥ ነው። አልፎንሶና ፓፓው ደግሞ በኔፕልስ ግዛት ተጣልተው ነበር። ስለዚህ ቫላ ወገን ነበረው። ታዲያ ለምን እናምነዋለን? ማስረጃውን ዘርግቶ ስላሳየን ነው። ወዳጅም ጠላትም አይቶ ሊመዝነው ይችላል። ከሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎም ኒኮላስ ዘኩዛ የሚባል የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሰው የድሮ ታሪኮችን አገላብጦ ነበር። እሱም ስለ ስጦታው የሚያወሳ አላገኘም። ሁለቱ በየመንገዳቸው ሄደው አንድ ቦታ ደረሱ።

ወረቀቱ ሐሰት ነው ማለት እምነቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ቫላ ራሱ በኋላ፣ በ1448፣ በሌላ ፓፓ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ሠርቷል።

አንዳንድ ሰው "የጥንት ታሪክ መመርመር ለኛ ምን ያደርግልናል? እህል አይሆን!" ይላል። እህል አይሆንም። እህል የሚያበቅለውን መሬት ግን ያስጠብቃል። ታሪክ መርማሪዎች ያገኙት ዘዴ ለሁላችንም የሚሆን ነው። ውል ሲመጣላችሁ፣ ማስታወቂያ ስታዩ፣ በስልክ መልእክት ሲደርሳችሁ ጠይቁ። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ቃሉ ከዘመኑ ጋር ይስማማል? ማን አየ? ማንስ ይጠቀምበታል? ይህን ሳትጠይቁ አትፈርሙ፤ ጣታችሁንም አታስነክሩ።

ይህ ማለት ግን ሁሉን ተጠራጠሩ ማለት አይደለም። እውነተኛ ወረቀት ጥያቄ አይፈራም። ተጠይቆ ሲያልፍ ይበልጥ ይታመናል።

ፊደል መለየት የመጀመሪያው በር ነው። ሁለተኛው በር ጥያቄ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ!

በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ፦
1. እህትየዋ ወረቀቱን በምን ያዘችው?
2. ቫላ የጠየቃቸው ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው?
3. በቤታችሁ ካሉት ወረቀቶች አንዱን አውጡና አንብቡት። ማን ጻፈው? መቼ? ምስክሮቹስ እነማን ናቸው?