የምንከፍለው ለምሰሶው ነው ለብርሃኑ?

ለዝግጅት ክፍሉ

እኛ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ሰባት ወር አለፈው። ምሰሶው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በቀን ላየው ምንም አልጎደለውም። ስንደውል «መዝግበናል» ይሉናል። ከማታ ትምህርት የሚመለሱ ልጆች እዚያ ሲደርሱ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው በሩጫ ያልፋሉ።

የከተማ መንገድ መብራት ከግል ባለሀብት ጋር በአጋርነት ይሻሻል የሚለውን ሐሳብ አልቃወምም። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ከወጣም ቆየ። የምጠይቀው ባለሀብቱ የሚከፈለው ለምን እንደሆነ ነው። ለተከለው ምሰሶ ከሆነ ምሰሶ እናገኛለን። ምሰሶማ አለን!

የብራዚሏ ቤሎ ኦሪዞንቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በገባችው የ20 ዓመት ውል፣ 180 ሺሕ ያህል የመንገድ መብራቶቿን ወደ ኤልኢዲ መቀየሩንም መጠገኑንም ለአንድ የግል ኩባንያ ሰጠች። ክፍያው ከአገልግሎቱ ጥራት ጋር ታስሯል። ሃያ ዓመት ሙሉ ራሱ የሚጠግን ሰው ደግሞ ቶሎ የሚቃጠል አምፖል አይገዛም። ገንዘቡም ምንጭ አለው፤ የብራዚል ሕገ መንግሥት ከተሞች ለመንገድ መብራት የሚውል መዋጮ በኤሌክትሪክ ቢል ላይ እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል።

እኛ ጋ ሲመጣ ግን ውሉን እንዳለ መገልበጥ አይበቃም። ባለሀብቱ «ለምን ጠፋ?» ሲባል «መብራት ሄዶ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ኃይል የተቋረጠበት ሰዓት ለብቻው በቆጣሪ ይመዝገብ። ሰፈሩ ሁሉ በርቶ የመንገዱ ብቻ ከጨለመ ግን ከክፍያው ይቆረጥ። አለበለዚያ ምሽቱን በሙሉ ጥፋተኛ ስንፈልግ እናመሻለን። የዶላሩም ነገር አለ፤ የምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ሆኗል፤ መለዋወጫው ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ ይገባል። የምንዛሪውን ጭማሪ ማን እንደሚሸከም ከፊርማው በፊት ይጻፍ፤ ኋላ ላይ «በዚህ ዋጋ አልጠግንም» ቢባል ጨለማው የእኛው ነው።

ውሉ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። እያንዳንዱ ምሰሶ ላይም ቁጥርና የሚደወልበት ስልክ ይጻፍ። የእኛ ሰፈሩ ቁጥር ስለሌለው በደወልኩ ቁጥር «ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው» እያልኩ ነው የማስመዘግበው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ