ፒኑን አራት ሰው ያውቀዋል፣ ገንዘብ ሲጠፋ ግን የሚጠረጠረው አንድ ሰው ነው

ይፋግ ላይ የሩዝና የእህል መደብር ያለው ዘመድ አለኝ። ባንኮኒው ላይ አንዲት ስልክ ትቀመጣለች። የባንኩም የቴሌብሩም ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው በዚችው ስልክ ነው። ፒኑን እሱ ያውቀዋል፣ ባለቤቱ ታውቀዋለች፣ ትልቁ ልጅ ያውቀዋል፣ ተቀጥሮ የሚሰራው ልጅም ያውቀዋል። «ለምን ሁላችሁም?» ብዬ ስጠይቀው «ቤተሰብ ላይ ቁልፍ አይቆለፍም» አለኝ።

አንድ ቀን ማታ ሂሳቡ ሲታይ 18 ሺህ ብር የለም። ማንም ወደማያውቀው ስም ተልኳል፣ ወዲያው ወጪ ሆኗል። ሲያመለክቱ የተሰጣቸው መልስ አጭር ነው፦ ትክክለኛ ፒን ገብቶ ነው የተላከው። በቃ። ከዚያ በኋላ የሁሉም ዓይን ተቀጣሪው ልጅ ላይ አረፈ። ፊት ለፊት «ሌባ ነህ» ያለው ሰው የለም፣ ግን ስልኳ ከባንኮኒው ተነሳች፣ ሰላምታው ቀዘቀዘ፣ ልጁም ወር ሳይሞላው ስራውን ለቀቀ። ማን እንደላከው እስከዛሬ አልታወቀም። ሊታወቅም አይችልም፣ ምክንያቱም ስልኳ የምታውቀው «ፒን ገብቷል» የሚለውን ብቻ ነው። ማን እንዳስገባው አታውቅም።

በዓለም ላይ ትልልቅ ድርጅቶች «ዜሮ ትረስት» የሚሉት የሳይበር ደህንነት አሰራር የሚነሳው እንዲህ ካለው ችግር ነው። ስሙ ሲሰማ የቢሊየነሮች ጉዳይ ይመስላል። ግን ይፋግ ያለ ሱቅንም ይመለከታል፣ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራችሁ የምትሰሩትን ደግሞ ከሁሉም በላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው የኮምፒውተር ደህንነት እንደ ግቢ አጥር ነበር። በር ላይ ዘበኛ ይቆማል፣ ይፈትሻል። አንዴ ከገባህ ግን ሳሎኑም፣ ጓዳውም፣ ጎተራውም ክፍት ነው። ውስጥ ያለ ሁሉ የቤት ሰው ነው ተብሎ ይታመናል። ጆን ኪንደርቫግ የሚባል በፎሬስተር ኩባንያ የሚሰራ ተንታኝ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ አሰራር ስህተት ነው አለ። ችግሩ ያለው «ውስጥ ያለ ይታመናል» የሚለው ሃሳብ ላይ ነው ብሎ፣ አሰራሩን ዜሮ ትረስት አለው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ራሱን የቻለ መመሪያ አወጣለት።

ሃሳቡ ሲጨመቅ ሶስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከየትም ይምጣ፣ በጠየቀ ቁጥር ማንነቱን አረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ስራው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ክፈትለት፣ ገንዘብ ተቀባይ የባለቤቱ መብት አያስፈልገውም። ሶስተኛ፣ አንድ ቀን ሰው ሰብሮ ይገባል ብለህ አስብ፣ ሲገባ ሁሉንም እንዳያገኝ አድርገህ ስራ።

ይህን ሳያደርጉ የቀሩት ምን ደረሰባቸው? ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የሱፐርማርኬት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞቹ የካርድ መረጃ ተሰረቀ። ሌቦቹ የገቡት የማቀዝቀዣ ስራ በሚሰራለት ተቋራጭ ፓስወርድ ነው። ለማቀዝቀዣ የተሰጠ መግቢያ የደንበኛ ካርድ እስከሚነበብበት ማሽን ድረስ አደረሳቸው። ኮሎኒያል የተባለው የነዳጅ ማስተላለፊያ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የተጠቃው ማንም በማይጠቀምበት የቆየ አካውንት ነው። አካውንቱ ፓስወርድ ብቻ ነበረው፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው ለአጋቾቹ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። በሁለቱም አጥሩ ነበር። የውስጡ በር ነው ክፍት የነበረው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች ሂሳባቸው ላይ ከሌለው በላይ እንዲያወጡና እንዲልኩ ፈቀደ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው በቴሌግራም ተሰራጨ፣ ተማሪዎች ኤቲኤም ጋ ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው 490 ሺህ የሚሆን ግብይት ተፈጽሟል፣ ያለአግባብ የወጣው ደግሞ 801 ሚሊዮን ብር አካባቢ ነው። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ፣ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ እስከመለጠፍ ተደረሰ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ባንኩም ብሔራዊ ባንክም ይህ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብለዋል። ብሔራዊ ባንክ ችግሩን ያያያዘው በሲስተሙ ላይ ይሰራ ከነበረ የጥገናና የፍተሻ ስራ ጋር ነው። አጥሩን የዘለለ ሌባ አልነበረም። ችግሩ ከውስጥ መጣ።

ዜሮ ትረስት ቢኖር ይህ አይደርስም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። የሶፍትዌር ስህተት የትም ይፈጠራል። ነገር ግን የአሰራሩ ሶስተኛው ነጥብ ቀጥታ ይመለከተዋል፦ «አንድ ቀን ይበላሻል» ብሎ ማሰብ። ከውስጥ የመጣ ለውጥ ስለሆነ ብቻ አይታመንም፣ እያንዳንዱ ግብይት ራሱን ችሎ ይመዘናል፣ ያልተለመደ ነገር ሲታይ በደቂቃ ውስጥ የሚቆምበት መንገድ ይኖራል። ያን ሌሊት ግብይቱን ለማስቆም ሰዓታት ፈጅቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ማለት ነው። ዋጋውን ደግሞ በከፊል የከፈለው ወጣቱ ነው። በሩ ክፍት ነበር፣ ስም የተለጠፈው ግን በበሩ የገቡት ነው። መውሰዳቸው ትክክል አልነበረም። በሩን ክፍት የተወው አሰራር ግን ፎቶ የለውም።

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር። «እኛ አገር ንግድ የሚሰራው በመተማመን ነው፣ ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብለህ ልትሰራ ነው እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን አባባል አንስቼ ላልፈው እችል ነበር፣ ግን አባባሉም ለዚህ ጉዳይ ልክ አይደለም። ዜሮ ትረስት ሰውን አትመን አይልም። ሳታረጋግጥ አትለፍ ነው የሚለው። ሁለቱ ይለያያሉ።

ለዚህ ምስክር ይፋግ ራሷ ናት። ዛሬ በወረታና በአዲስ ዘመን መሀል የምናልፋት ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሟ የገነነ ትልቅ ገበያ ነበረች። ያኔ የሚዘዋወረው ገንዘብ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። አሞሌው ጫፉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል፣ ስለዚህ ተቀባዩ ያገላብጠዋል። ብሩም ላይ የንግሥቲቱ ጌጥ ፍሬዎች በደንብ መታየታቸው፣ 1780 የሚለው ዓመት መኖሩ ይታያል። ሰጪው ወዳጅም ይሁን እንግዳ ሳንቲሙ ይገለበጣል። በዚህ የሚቀየም ነጋዴ አልነበረም፣ ምክንያቱም የሚፈተሸው ሰውየው ሳይሆን ብሩ ነው፣ የሚፈተሸውም የሁሉም ነው። ለስልክ ሲሆን ነው ይሉኝታ የያዘን። ደንበኛ «ልኬልሃለሁ» ብሎ ስክሪንሹት ሲያሳየን፣ የራሳችንን ሂሳብ ማየት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያዘጋጁ ሰዎች የሚነግዱት በዚህ ይሉኝታችን ነው።

እና ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ በደፈናው መተማመን ደካማውን አይጠብቀውም። ሁሉም ፒኑን ሲያውቅ ባለቤቱ አይጠረጠርም፣ ልጁ አይጠረጠርም። የሚጠረጠረው ከሩቅ መጥቶ የተቀጠረው ነው። እያንዳንዱ የራሱ መግቢያ ቢኖረው ግን መዝገቡ ይናገር ነበር። ንጹህ ሰው ንጹህ መሆኑን የሚያሳይበት ማስረጃ ይኖረው ነበር።

ችግሮቹንም ልንገራችሁ። አንደኛው ኔትወርክ ነው። በየጊዜው ማረጋገጥ ማለት በየጊዜው መስመር መፈለግ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሆንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ እኛ ጋ የሚሰራ ዜሮ ትረስት ያለ ዳታ የሚሰራውንም መንገድ ማካተት አለበት፣ ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889#። ሁለተኛው ደግሞ ሻጮች ናቸው። «ዜሮ ትረስት ሶፍትዌር እንሸጣለን» የሚል ሰው ከመጣ ጠንቀቅ በሉ። ይህ አሰራር እንጂ በካርቶን የሚገዛ እቃ አይደለም። ሶስተኛው ሕግ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የደንበኛ መረጃ የሚይዝ ሁሉ በአግባቡ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የደንበኞቹን ስምና ስልክ በአንድ ክፍት ላፕቶፕ የሚይዝ ድርጅት «ትንሽ ነኝ» ማለቱ አያወጣውም።

ሱቅ ያላችሁ ወይም ሱቅ የምትሰሩ፣ ዛሬ ማታ ያለ ምንም ወጪ ልታደርጉት የምትችሉት፦

• ፒን የአንድ ሰው ነው። ሰራተኛ ገንዘብ መቀበል ካለበት መቀበያ ቁጥሩን ይስጥ እንጂ መላኪያውን ፒን አይያዝ።

• የሱቁ ስልክና የግል ስልክ ይለዩ። ቲክቶክ የሚታይበት ስልክ የሱቁ ካዝና አይሁን።

• ስክሪንሹት ደረሰኝ አይደለም። ሂሳባችሁ ላይ ሳታዩ እቃ አታስረክቡ፣ ለሁሉም ደንበኛ እኩል አድርጉት።

• ቴሌግራምና ኢሜይል ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። የሚላክላችሁን ኮድ ጓደኛም፣ «ከባንክ ነው» ባይም ቢጠይቅ አትስጡ።

• ሰራተኛ ስራ ሲለቅ በዚያው ቀን መግቢያውን ዝጉ። ኮሎኒያልን ያስጠቃው የተረሳ አካውንት ነው።

• ማታ ማታ ሂሳቡን ሁለት ሰው ሆናችሁ እዩ፣ ባለቤቱም ያወጣው ይጻፍ።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ምክር፦ ፒን ሲሰጧችሁ እንደ ክብር አትቁጠሩት። «ጋሼ፣ ፒኑን አልያዝም፣ መቀበያውን ብቻ ስጡኝ» በሉ። ያን ቀን ትንሽ ቅር ሊላቸው ይችላል። ገንዘብ የጠፋ ቀን ግን ስማችሁን ያተርፍላችኋል።

ዘመዴ አሁን ፒኑን ቀይሮታል፣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ስጠይቀው የቆጨው 18 ሺህ ብሩ አልነበረም። «ልጁን መንገድ ላይ ባገኘው ምን እለዋለሁ?» ነው ያለኝ። እናንተ ሱቅ ውስጥ ፒኑን ስንት ሰው ያውቀዋል?